ስኑከር ስለሚባለው ጨዋታ፤ ታሪኩና ሕጉ

ስኑከር ማለት አረንጓዴ ጨርቅ በለበሰ ረዥም ጠረጴዛ ላይ 22 ኳሶችን አኑረው፥ ሁለት ሰዎች በቀጭን በትር ተራ በተራ እየመቱ፥ በጠረጴዛው ዳር ወዳሉት 6 ቀዳዳዎች በማስገባት የሚወዳደሩበት ጨዋታ ነው። መነሻው የእንግሊዝ ጦር በሰፈረበት በሕንድ አገር ሲሆን፥ ዛሬ ከእንግሊዝ እስከ ቻይና ድረስ ብዙ ሕዝብ ይጫወተዋል፤ ከሚጫወተውም የሚመለከተው ይበልጣል።

ይህን ጽሑፍ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች ማቅረባችን፥ በየመንደሩ የስኑከር ጠረጴዛ ይተከል ለማለት አይደለም። የሙሉ ልኩ ጠረጴዛ ክብደቱ ከ10 ኩንታል በላይ ስለ ሆነ፥ ለትምህርት ቤት ዕቃነት የሚመች አይደለም። ነገር ግን ወጣቶች ይህን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያዩታል፤ ወደ ከተማም ሲሄዱ የዚሁ ወገን የሆኑትን ፑልንና ከረንቡላን ያገኛሉ። እንግዲህ ልጆች ስለ ነገሩ ሲጠይቁ መምህሩ የሚመልሰው እንዲኖረው፥ ሽማግሌውም «ይህ ጨዋታ ዕውቀት ነው ወይስ ሥራ ፈትነት?» ተብሎ ሲጠየቅ መርምሮ እንዲፈርድ፥ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ያላወቁትን ነገር ማመስገንም ሆነ መንቀፍ ፍርድ አይባልምና።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ስለ ጨዋታው መነሻና ስለ ስሙ

በጠረጴዛ ላይ ኳስን በበትር የመምታት ጨዋታ በጠቅላላው ቢልያርድ ይባላል፤ ይህም ከስኑከር እጅግ የቀደመ ነው። በጥንት ዘመን አውሮፓውያን በሣር ሜዳ ላይ ኳስን በዱላ እየገፉ ይጫወቱ ነበር። እኛ በገና ጨዋታ ሩርን በዱላ የምንመታውን ያየ ሰው፥ ነገሩን በቀላሉ ሊገምተው ይችላል። ኋላ መኳንንቱ ብርድና ዝናም ሲከለክላቸው ጨዋታውን ወደ ቤት አግብተው በጠረጴዛ ላይ አደረጉት። በ15ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳይ ንጉሥ 11ኛው ሉዊ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ እንደ ነበረው ይነገራል። የጠረጴዛው ጨርቅ እስከ ዛሬ ድረስ አረንጓዴ መሆኑ የዚያ የሣር ሜዳ መታሰቢያ ነው ይባላል።

ስኑከር ግን የተወለደው በ1875 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በሕንድ አገር ጀባልፑር በምትባል ከተማ የእንግሊዝ ጦር ሰፍሮ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ዝናሙ ሲበረታ መኰንኖቹ ወደ ውጭ መውጣት ስለሚሳናቸው፥ ጊዜያቸውን በመኰንኖች ክበብ በነበረው የቢልያርድ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሳልፉ ነበር። ከሚጫወቷቸውም ዓይነቶች አንዱ ፒራሚድ የሚባለው ነበረ፤ ይኸውም 15 ቀይ ኳሶች በሦስት ማዕዘን ተደርድረው የሚጫወቱት ነው። ሌላው ብላክ ፑል የሚባለው፥ ልዩ ልዩ ቀለም ካላቸው ኳሶች ጋር አንድ ጥቁር ኳስ ተጨምሮ የሚጫወቱት ነበረ። ኔቪል ቼምበርሌን የሚባል የ19 ዓመት ወጣት መኰንን፥ የሁለቱን ጨዋታዎች ኳሶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አዋህዶ አዲስ ጨዋታ አወጣ። ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ከነበረው ከኔቪል ቼምበርሌን ጋር በስም ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ሰው ነው።

ስሙም የወጣው ከቀልድ ነው። በእንግሊዝ አገር ዉሊች በሚባለው የጦር ትምህርት ቤት፥ አዲስ ገብቶ ገና ሥርዐቱን ያልለመደውን ተማሪ ነባሮቹ «ስኑከር» እያሉ ይሣለቁበት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በጀባልፑር ከተጫዋቾቹ አንዱ፥ በቀዳዳው አፍ ላይ የነበረውን ኳስ ማስገባት ቢሳነው፥ ቼምበርሌን ስኑከር ብሎ ሰደበው። ወዲያውም ባልንጀራው እንዳይቀየም፥ ለዚህ ጨዋታ ሁሉም ገና ጀማሪዎች፥ ማለት ስኑከሮች፥ ስለ ሆኑ ጨዋታውን በዚሁ ስም መጥራት እንደሚገባ ተናገረ። ስለዚህ ለአንድ ሰው መሳለቂያ የተነገረው ቃል ለሁሉ የጋራ ስም ሆኖ ቀረ። ኋላ የጨዋታው መነሻ ሲያከራክር፥ ቼምበርሌን በሽምግልናው ዘመን በ1938 ዓ.ም. በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ባወጣው ደብዳቤ፥ ጨዋታውን ያወጣው ራሱ መሆኑን አስታወቀ።

2. ጨዋታው ከመኰንኖች ወደ ሕዝብ እንዴት እንደ ተሻገረ

ቼምበርሌን ወደ ደቡብ ሕንድ ኡታካሙንድ ወደምትባለው ደጋ ከተማ በተዛወረ ጊዜ ጨዋታውም አብሮት ሄደ፤ ሕጉም በ1882 ዓ.ም. በዚያው በክበቡ ውስጥ ተጽፎ ተለጠፈ። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ የቢልያርድ አሸናፊ የነበረው ጆን ሮበርትስ ወደ ሕንድ መጥቶ በካልካታ ከቼምበርሌን ጋር ተገናኘ፤ የጨዋታውንም ሕግ ከእርሱ ጠይቆ ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደው።

ዳሩ ግን ስኑከር በእንግሊዝ አገር ብዙ ዘመን የተናቀ ጨዋታ ነበረ። የቢልያርድ ሊቃውንት እንደ ልጆች መዝናኛ ይቈጥሩት ነበር። ይህን አስተያየት ከሁሉ አብልጦ የለወጠው ጆ ዴቪስ የተባለው የማዕድን ቈፋሪ ልጅ ነው። በ1927 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ውድድር በበርሚንግሃም ከተማ ሲፈጸም፥ ዴቪስ ቶም ዴኒስን 20 ለ11 አሸነፈ። ለድካሙ የተቀበለው ገንዘብ 6 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ብቻ ነበረ። ከዚያ ወዲያ እስከ 1946 ዓ.ም. ድረስ 15 ጊዜ የዓለም አሸናፊ ሆኖ፥ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ውድድሩን ተወ። እንግዲህ በመኰንኖች ክበብ የተወለደው ጨዋታ በሠራተኛው ሕዝብ መንደር ጌታ አገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ የመጣው በቴሌቪዥን ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚያሳየው ቴሌቪዥን የኳሶቹን ቀለም ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበርና ስኑከር ለዚያ አይስማማም ነበር። ባለ ቀለም ሥዕል በተጀመረ ጊዜ ግን የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. የቀለሙን ውበት ለሕዝብ የሚያሳይበት ነገር ሲፈልግ ስኑከርን መረጠ፤ በ1969 ዓ.ም. «ፖት ብላክ» የተባለውን ውድድር ማሳየት ጀመረ። በ1977 ዓ.ም. የዓለም ውድድር በሸፊልድ ከተማ ክሩሲብል በሚባለው ቴአትር ቤት መደረግ ጀመረ። በ1985 ዓ.ም. በዚያው ቦታ ዴኒስ ቴይለር ስቲቭ ዴቪስን 18 ለ17 ያሸነፈው በመጨረሻው ዙር በመጨረሻው ጥቁር ኳስ ነው። ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ያለፈ ሲሆን፥ በእንግሊዝ አገር 18.5 ሚሊዮን ሕዝብ ሳይተኛ ይመለከት ነበር።

3. ስለ ጠረጴዛውና ስለ ኳሶቹ

የሙሉ ልኩ ጠረጴዛ የመጫወቻው ስፍራ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ57 ሳንቲ ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ከ78 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ከጨርቁ በታች ያለው እንጨት ሳይሆን፥ ዱሮ የተማሪ መጻፊያ ይሆን ከነበረው ዓይነት የተጠረበ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እንጨት በሙቀትና በእርጥበት ይጣመማል፤ ድንጋዩ ግን ስለማይጣመም ኳሱ ወደ አንድ ወገን ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በዙሪያው ያለው ጠርዝ ላስቲክ ስላለበት ኳሱ ሲነካው ይነጥራል። ቀዳዳዎቹ አራቱ በአራቱ ማዕዘን፥ ሁለቱ በረዣዥሞቹ ጎኖች መካከል ናቸው።

ኳሶቹ እያንዳንዳቸው 52 ሚሊ ሜትር ተኩል ስፋት አላቸው። በጥንት ጊዜ የቢልያርድ ኳስ የሚሠራው ከዝሆን ጥርስ ነበረ። ከአንድ ጥርስ የሚወጡት ኳሶች ጥቂት ስለ ሆኑ፥ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ጨዋታ ሲባል ብዙ ዝሆን ይገደል ነበር። በ1860ዎቹ ዓመታት አንድ የአሜሪካ የቢልያርድ ዕቃ ሻጭ ድርጅት በጥርሱ ፈንታ የሚሆን ነገር ለሚያገኝ ሰው 10,000 ዶላር ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ጆን ዌስሊ ሀያት የተባለው ሰው ይህን ሰምቶ ሲደክም ሴሉሎይድን አዘጋጀ፤ ይህም ከመጀመሪያዎቹ የፕላስቲክ ዓይነቶች አንዱ ነው። ዛሬ ኳሱ የሚሠራው በፋብሪካ ከሚዘጋጅ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። መምህራን የፕላስቲክን ታሪክ ሲያስተምሩ ይህን ምሳሌ ቢጠቅሱት ይጠቅማል።

4. ስለ ሕጉ

ከ22ቱ ኳሶች አንዱ ነጭ ነው። ተጫዋቹ በበትሩ መምታት የሚገባው ይህን ነጭ ኳስ ብቻ ሲሆን፥ ሌሎቹን ሁሉ የሚመታቸው በነጩ አማካይነት ነው። 15ቱ ቀዮች ናቸው፤ የቀሩት 6ቱ ልዩ ልዩ ቀለም አላቸው። ዋጋቸውም እንደሚከተለው ነው።

ቀይ 1 ነጥብ፤
ብጫ 2 ነጥብ፤
አረንጓዴ 3 ነጥብ፤
ቡናማ 4 ነጥብ፤
ሰማያዊ 5 ነጥብ፤
ሮዝ 6 ነጥብ፤
ጥቁር 7 ነጥብ።

በጠረጴዛው አንድ ራስ በኩል ወርዱን የሚያቋርጥ መሥመር፥ በመሥመሩም ላይ ግማሽ ክብ ተሥሏል። ነጩ ኳስ ጨዋታውን የሚጀምረው ከዚህ ግማሽ ክብ ውስጥ ነው። ከዚያ ቆመው ወደ ፊት ሲመለከቱ፥ በመሥመሩ ላይ አረንጓዴው በግራ፥ ቡናማው በመካከል፥ ብጫው በቀኝ ይቀመጣሉ። ሰማያዊው በጠረጴዛው እምብርት ነው። ከእርሱ ወዲያ ሮዙ፥ ከሮዙ ቀጥሎ 15ቱ ቀዮች በሦስት ማዕዘን ተደርድረው፥ በመጨረሻ ጥቁሩ ብቻውን ይቆማል።

አንደኛው ሕግ። ተጫዋቹ አስቀድሞ ቀይ ኳስ መምታት አለበት። ቀዩን ካስገባ 1 ነጥብ አግኝቶ፥ ከባለ ቀለሞቹ የወደደውን ለመምታት ፈቃድ ያገኛል። ያን ደግሞ ካስገባ ዋጋውን ይቀበልና እንደ ገና ወደ ቀይ ይመለሳል። እንዲህ እያለ አንድ ጊዜ ቀይ፥ አንድ ጊዜ ባለ ቀለም እየመታ፥ ሳይስት እስከ ቀጠለ ድረስ ተራው የእርሱ ነው። ሲስት ተራው ለባልንጀራው ያልፋል።

ሁለተኛው ሕግ። የገባ ቀይ ኳስ አይመለስም። ባለ ቀለም ኳስ ግን ቀዮቹ እስኪያልቁ ድረስ በገባ ቍጥር ከቀዳዳው ወጥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሦስተኛው ሕግ። ቀዮቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ ባለ ቀለሞቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ በተራቸው ይገባሉ፤ ይኸውም ከብጫው ተጀምሮ በጥቁሩ ይፈጸማል። በዚህ ጊዜ የገባው አይመለስም። ጥቁሩ ሲገባ ዙሩ ያልቃል፤ ብዙ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። ነጥባቸው ትክክል ከሆነ ጥቁሩ ብቻ ተመልሶ ይቀመጥና በእርሱ ይለያሉ።

አራተኛው ሕግ ስለ ጥፋት ነው። ነጩን ኳስ በቀዳዳ መጣል፥ ምንም ኳስ ሳይነኩ መቅረት፥ ሊመታ የሚገባውን ትቶ ሌላውን አስቀድሞ መምታት፥ ኳስን ከጠረጴዛ ማስወጣት፥ በልብስ ወይም በእጅ ኳስ መንካት፥ ሁለቱንም እግር ከመሬት አንሥቶ መምታት፥ እነዚህ ሁሉ ጥፋቶች ናቸው። ቅጣቱ ከ4 ነጥብ አያንስም፤ ጥፋቱ የደረሰበት ኳስ ዋጋው ከ4 የሚበልጥ ቢሆን ግን ቅጣቱ በዚያው በኳሱ ዋጋ ልክ እስከ 7 ይደርሳል። ነጥቡም ከአጥፊው አይቀነስም፤ ለባልንጀራው ይጨመርለታል እንጂ።

5. ነጩ ኳስ የሚያርፍበትን ስፍራ ስለ ማሰብ

ሕጉን ማወቅ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ጨዋታውን ማወቅ ግን የብዙ ዓመት ድካም ነው። ጀማሪው የሚያስበው ፊት ለፊቱ ያለውን ኳስ ስለ ማስገባት ብቻ ነው። የሠለጠነው ተጫዋች ግን ከመምታቱ በፊት፥ ነጩ ኳስ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የት ሄዶ እንደሚያርፍ ያስባል። ቀዩ ቢገባና ነጩ ከማይመች ስፍራ ቢቆም፥ አንድ ነጥብ አገኘ እንጂ ተራውን ሊያጣ ነውና። ስለዚህ የተጫዋች ችሎታ የሚታወቀው ባስገባው ኳስ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለው ምት በተወው ስፍራ ጭምር ነው።

ይህም የሚሆነው ነጩን ኳስ በልዩ ልዩ ቦታ በመምታት ነው። ከመካከሉ ከፍ አድርገው ቢመቱት፥ ሌላውን ኳስ ከነካ በኋላ ተከትሎት ወደ ፊት ይሄዳል። ዝቅ አድርገው በኃይል ቢመቱት ወደ ኋላ ይመለሳል። በቀኙ ወይም በግራው ቢመቱት እየተሽከረከረ ሄዶ ከጠርዙ ሲነጥር መንገዱን ይለውጣል። በትሩ ኳሱን አንሸራቶ እንዳይስት ጫፉ ቈዳ የተለጠፈበት ነው፤ ይህንንም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያስለመደው ሚንጎ የተባለ ፈረንሳዊ የጦር መኰንን ነው ይባላል። ተጫዋቾቹ ደግሞ ቈዳውን በጠመኔ እየቀቡ ይመታሉ።

ኳስ ማስገባት የማይቻል ሲሆን ደግሞ ሌላ ብልኀት አለ። ተጫዋቹ ነጩን ኳስ በቀስታ ገፍቶ ከሌላ ኳስ ጀርባ ይሰውረዋል፤ ባልንጀራው ሊመታ የሚገባው ኳስ በቀጥታ መንገድ አይገኝለትም። ይህ መሰወር ራሱ «ስኑከር» ይባላል። የተሰወረበት ሰው ነጩን ከጠርዝ እያነጠረ በዙሪያ መንገድ ሊደርስበት ይሞክራል፤ ባይደርስበት ጥፋት ይሆንበታል። ከልቡ ሳይሞክር ቀርቷል ብሎ ዳኛው ቢፈርድ፥ ባልንጀራው ኳሶቹ ወደ ነበሩበት ተመልሰው እንደ ገና እንዲመታ ሊያስገድደው ይችላል። በጥፋት ምክንያት ደግሞ ንጹሑ ተጫዋች ራሱ ተሰውሮበት ቢያገኘው፥ ሌላውን ኳስ በዚያ ፈንታ አድርጎ እንዲመታ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ሕጉ አጥፊው በጥፋቱ እንዳይጠቀም ይጠነቀቃል።

6. ለሒሳብ ትምህርት የሚሆን ምሳሌ

መምህራን ጠረጴዛውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለው የሚከተሉትን ለተማሪዎች ቢያቀርቡላቸው መልካም ነው።

በአንድ ተራ ጥፋት ሳይጨመር የሚገኘው ከፍተኛ ነጥብ ስንት ነው? እያንዳንዱ ቀይ 1፥ ቀጥሎ የሚመታው ጥቁር 7፥ በድምሩ 8 ይሆናል። 8 በ15 ሲባዛ 120 ነው። ከዚያ ስድስቱ ባለ ቀለሞች 2፥ 3፥ 4፥ 5፥ 6፥ 7 ሲደመሩ 27 ይሆናሉ። 120 እና 27 ሲደመሩ 147 ይሆናሉ። ይህን ቍጥር ፈጽሞ በመጀመሪያ በይፋ የተመዘገበለት ያው ጆ ዴቪስ በ1955 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው። በጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ፥ ሮዝና ጥቁር ብቻ ቀርተዋል፤ አንዱ ተጫዋች በ20 ነጥብ ይመራል። የቀሩት ኳሶች ድምር 5 እና 6 እና 7፥ ማለት 18 ነው። ተከታዩ ሁሉን ቢያስገባ እንኳ በ2 ነጥብ ይሸነፋል። ነገር ግን ሰማያዊውን ቢሰውርበትና መሪው ቢስት 5 ነጥብ ያገኛል፤ ልዩነቱም 15 ይሆናል። ከዚያ በኋላ 18ቱን ቢሰበስብ በ3 ነጥብ ያሸንፋል። የመሰወር ጥቅሙ በዚህ ምሳሌ ግልጥ ሆኖ ይታያል።

7. ስለ ታማኝነትና ስለ ውርርድ

በስኑከር የተከበረ አንድ ልማድ አለ። ተጫዋቹ ልብሱ ወይም እጁ ኳስ ነክቶ ዳኛው ሳያየው ቢቀር፥ ተጫዋቹ ራሱ ጥፋቱን ተናግሮ ተራውን ይለቃል። ብዙ ሕዝብ በሚመለከተውና ብዙ ገንዘብ በሚሸለምበት ውድድር እንኳ ይህ ሲደረግ ይታያል። ማንም ሳያየው እውነትን መናገር በጨዋታም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ይህ ልማድ ሁሉን ሰው አላዳነም። በ2023 ዓ.ም. 10 የቻይና ተጫዋቾች ከውርርድና ከተሸጠ ጨዋታ ጋር በተያያዘ ጥፋት ተቀጡ። ከእነርሱ ሁለቱ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከጨዋታው ታገዱ። ዣኦ ሺንቶንግ የተባለው ወጣት ራሱ ጨዋታ ሸጦ ባይገኝም፥ በባልንጀራው ጥፋት በመተባበሩና በጨዋታ ላይ በመወራረዱ ለ20 ወር ተከለከለ። ቅጣቱን ፈጽሞ ከተመለሰ በኋላ፥ በ2025 ዓ.ም. በሸፊልድ ማርክ ዊልያምስን 18 ለ12 አሸንፎ ከእስያ ሰዎች የመጀመሪያው የዓለም አሸናፊ ሆነ። ይህም ጨዋታው በእስያ ምድር በጀባልፑር ከተወለደ በ150 ዓመቱ ነው።

ሽማግሌዎች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተውላሉ። አንደኛው፥ ውርርድ የዓለም ሊቃውንት የሆኑትን እንኳ ካሰናከለ፥ የኪሱን ሳንቲም ይዞ ወደ መጫወቻ ቤት የሚሄደውን ልጅ ይልቁን እንደሚያሰናክል ነው። ሁለተኛው፥ በልክ የተሰጠና በትዕግሥት የተፈጸመ ቅጣት አጥፊውን ሊያቀናው እንደሚችል ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ስኑከር ዕውቀት ነው ወይስ ሥራ ፈትነት? ጨዋታው በራሱ ቍጥርን፥ የዐይን ልክን፥ ትዕግሥትንና ወደ ፊት ማሰብን የሚጠይቅ ነው። የትምህርት ሰዓት ቢሠረቅበት ወይም ገንዘብ ቢያዝበት ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ስለዚህ ልጁ ከመጫወቻ ቤት በተገኘ ጊዜ፥ የያዘውን በትር ከመንቀፍ አስቀድሞ፥ በስንት ሰዓት እንደ መጣና በምን ገንዘብ እንደሚጫወት መጠየቅ ይገባል። ትክክለኛው ፍርድ የሚገኘው ከዚያ ነው።